የገዛነው ብዙ፣ የሰማነው ጥቂት

መግቢያ

እኔ ከደካ የመጣሁ፣ በክረምት መርሃ ግብር የሥነ ውበት ትምህርት የምማር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ሙዚቃ እየገዙ ስለ ማጠራቀም ነው። መጠጥ የሚያበዛውን ሰው “ሰካራም” እንለዋለን፤ ቁማር የሚያበዛውን “ቁማርተኛ” እንለዋለን። ካሴት በካሴት፣ ሲዲ በሲዲ ላይ እየደረበ የሚገዛውን፣ የገዛውን ግን ቁጭ ብሎ የማያዳምጠውን ሰው ምን እንለዋለን? “ሙዚቃ አፍቃሪ” ነው የምንለው። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ። ስሙ የማይገባኝ መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት በአንድ የክፍል ሥራ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መምህራችን አራት አጫጭር ዜማዎችን በክራር ተጫወቱልንና “የእያንዳንዱን ቅኝት ጻፉ” አሉን። እንደሚታወቀው የአገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ሁሉም በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ሲሆኑ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። አራት ዜማ፣ አራት መልስ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም ብዬ እስክርቢቶዬን አነሳሁ። ውጤቱ ሲነገር ያገኘሁት አንዱን ብቻ ሆነ። እሱንም ቢሆን በግምት ነው የመታሁት። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ተማሪ ግን አራቱንም አግኝታለች። ስንወጣ “እንዴት አወቅሽው?” ብዬ ጠየቅኋት። “ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ያሉት ዘፈኖች እኮ ጥቂት ናቸው፤ እነሱኑ ነው ደጋግሜ የምሰማው። አዲስ ዜማ ሲመጣ የትኛውን እንደሚመስል ጆሮዬ ይነግረኛል” አለችኝ።

በዚያን ሰዓት ቤቴ ውስጥ 214 ካሴት ነበረኝ፤ ሲዲውንና ሚሞሪውን ሳልቆጥር ማለት ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ዘፈን የገዛ ሰው ትዝታን ከባቲ መለየት ካቃተው ገንዘቡ የት ገባ? ጊዜውስ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ለመመለስ ያደረግሁትን ምርመራና ከዚያ በኋላ የሞከርኩትን ነገር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ልማዱ እንዴት ያዘኝ?

የመጀመሪያዋን ካሴት የገዛሁት በ1990 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጥሬ የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት ነው። ቦንጋ ሄጄ የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ገዝቼ ተመለስኩ። ቴፕ እንኳ አልነበረኝም፤ የሥራ ባልደረባዬን ቴፕ ተውሼ ነው የሰማኋት። በዚያን ጊዜ ባትሪ ድንጋይ ውድ ስለነበረ ካሴቱን ለማጠንጠን ባትሪ አናባክንም፤ በቢክ እስክርቢቶ ነበር የምናሽከረክረው። ድንጋዩ ደክሞ ድምፁ መጎተት ሲጀምር ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንከተዋለን። ያቺን ካሴት እስከ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቃታለሁ። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ የሚቀጥለውን መግቢያ ቀድሜ አንጎራጉራለሁ።

ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋንም እንዲሁ አውቃቸዋለሁ። አሥረኛዋ የማን እንደነበረች ግን አላስታውስም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር። በገበያ ቀን ሳልፍ አዲስ የወጣ ዘፈን ይጠራኛል፤ ባለ ሱቁም “መምህር፣ አዲስ ገብቷል!” ይለኛል። ገባ ብዬ የመጀመሪያውን ዘፈን ግማሽ እሰማለሁ፤ ከዚያ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ለእኔ ያኔ የአንድ ካሴት ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ብዙም አይርቅም ነበር። በወር አንድ የነበረው ሁለት፣ ሁለት የነበረው አራት ሆነ። ቤት ስደርስ የመጀመሪያውን ገጽ ሰምቼ ሁለተኛውን ሳልገለብጥ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ በማግስቱ ሐሳቤ በሚመጣው አዲስ ካሴት ላይ ነው።

አሁን የምጽፈው ነገር የሚያሳፍረኝ ቢሆንም ትምህርት ይሆናል ብዬ ነው። በ1997 ዓ.ም. ዕቁብ ደረሰኝ። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው የማድ ቤታችንን ሣር አንስተን ቆርቆሮ ለማልበስ ነበር። ቆርቆሮውን ለመግዛት ጅማ ሄድኩ። ስመለስ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕና 23 ካሴት ይዤ ነበር የመጣሁት። በተረፈው ገንዘብ የገዛሁት ቆርቆሮ የጣሪያውን እኩሌታ እንኳ አልሸፈነም። ካፋ ውስጥ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር ወጥ ሠርታለች። አልጮኸችብኝም። አንድ ቀን ብቻ በካርቶን የተደረደሩትን ካሴቶች አየት አድርጋ “ይሄ ሁሉ ዘፋኝ ቤታችን ገብቶ አንዱም ሲዘፍን አልሰማሁም” አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

2. ዋጋው ሲረክስስ?

አንዳንድ ሰው “ችግሩ ገንዘብ ነው፤ ሙዚቃ ቢረክስ ኖሮ አንተም ባልተጎዳህ” ሊለኝ ይችላል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን ሙዚቃው ረከሰ፤ ልማዱ ግን ባሰበት።

የሞባይል ሚሞሪ አካባቢያችን ከገባ በኋላ ካሴት የሚሸጡት ቤቶች ዘፈን መጫኛ ቤቶች ሆኑ። ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ልጅ “የቱን ልጫንልህ?” ሲል እኔ “ሙላው” እላለሁ። ልብ በሉ፤ “ሙላው” ብሎ ዘፈን የሚገዛ ሰው የዘፋኙን ስም እንኳ አልጠራም። ጤፍ በጆንያ እንደሚገዛ ሰው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስልኩ ራሱ ከኢንተርኔት ማውረድ ቻለ፤ ዋጋውም ወደ ምንም ተጠጋ። እኔም ሌሊት እየተነሳሁ፣ ኔትወርኩ ፈጠን በሚልበት ሰዓት፣ የማላውቃቸውን ሰዎች አልበም ሳወርድ አድር ጀመር።

እስቲ አብረን እናስላ። የተለመደው ጥራት ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ወደ 6,400 ዘፈን ይችላል ማለት ነው። 6,400 ዘፈን በአምስት ደቂቃ ሲባዛ 32,000 ደቂቃ፣ ወይም 533 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በቀን አንድ ሰዓት፣ አንድም ቀን ሳያቋርጥ የሚሰማ ሰው ሁሉንም አንዳንድ ጊዜ ብቻ ለመስማት አንድ ዓመት ከአምስት ወር በላይ ይፈጅበታል። ሦስት ሦስት ጊዜ ልስማው ካለ ከአራት ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። በዚህ መካከል አንድም አዲስ ዘፈን አለመጨመር አለበት! እኔ እንዲህ ያሉ ሦስት ሚሞሪዎች ነበሩኝ።

ከዚህ ስሌት የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የሙዚቃ ዋነኛ ዋጋ በብር አይከፈልም፤ በሰዓት ነው የሚከፈለው። ብሩ ሲቀንስ ሰዓቱ አይቀንስም። ነፃ የወረደ ዘፈንም ለመሰማት እንደ ካሴቱ ያው አምስት ደቂቃውን ይጠይቃል። እኔ ብሩን እከፍል ነበር፤ ሰዓቱን ግን ሳልከፍል ነው የኖርኩት። ስለዚህ ዘፈኖቹ ቤቴ ይኑሩ እንጂ የእኔ አልሆኑም።

3. ሸክላ ጥቂት በነበረበት ዘመን

ነገሩን በታሪክ ብንመለከተው የተሻለ ይገባናል። ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች መካከል ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ያስቀረጿቸው ሸክላዎች ይገኛሉ። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ያህል ነበር። ሸክላ ማጫወቻ የነበረውም ጥቂት ሰው ነው። ዘፈን መስማት ማለት ለብዙ ሰው አዝማሪ ሲዘፍን መስማት ነበር።

ከዚያም ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ ቆየ። ይህን ሰብሮ የገባው ወጣቱ አምሐ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በስሙ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመና የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ እስከ ወጣ ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችንና ጥቂት አልበሞችን አሳትሟል። ነጠላ ሸክላ ማለት በፊት አንድ፣ በጀርባ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ዘፈን ነው። እንግዲህ አምሐ በስድስት ዓመት ያሳተመው ነጠላ ሸክላ ሁሉ ቢደመር ሁለት መቶ ያህል ዘፈን ቢሆን ነው። ዛሬ መጫኛ ቤት ሄጄ “ሙላው” ስል ልጁ ሁለት መቶውን የሚጭነው ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ ነው።

ነገር ግን ያን ሸክላ የገዛ ሰው ሁለቱን ዘፈን ገልብጦ መልሶ፣ መልሶ ገልብጦ ይሰማው ነበር። ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በሳክስፎን የሚገባውን፣ በኦርጋን የሚመልሰውን፣ ዘፋኙ ትንፋሹን የሚወስድበትን ቦታ ሳይቀር ያውቃል። በእኔ ዘመን ካሴት፣ ከካሴት በኋላ ሚሞሪ ይህን የግድ መደጋገም አስቀረልን። ከዚህ ወዲያ መደጋገም በፈቃዳችን የምናደርገው ነገር ሆኗል፤ ካልፈቀድነው አይመጣም።

4. መፈለግና መስማት

ለምን እንገዛለን? የኢኮኖሚክስ መምህራን የሚያስተምሩት የእርካታ መቀነስ ሕግ የሚባል ነገር አለ። ለራበው ሰው የመጀመሪያው እንጀራ የሚሰጠውን እርካታ አምስተኛው አይሰጠውም። አባቶቻችንም “ማር ሲበዛ ይመራል” ብለዋል፤ ማር አገር ላለን ለእኛ ይህ ተረት ማብራሪያ አያሻውም። ሆኖም የሚገርመው፣ በምግብ ሆድ ሞላሁ ይላል፤ ካሴት ግን ካርቶን ይሞላል እንጂ ጆሮ ሞላሁ ብሎ አያስቆምም። የሚያስቆመው የለም።

ሥነ ልቦናውም ይህን ይደግፋል። ሮበርት ዛየንስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያየው ወይም ሲሰማው በዚያው መጠን እየወደደው የመሄድ ዝንባሌ እንዳለው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች በጣም የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር አንጎላቸው ውስጥ እንደሚለቀቅ አረጋገጠ። የሚለቀቀውም ልብ የሚነካው ቦታ ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ ሊደርስ ሲል፣ ሰውዬው “አሁን መጣች” ብሎ ሲጠብቅም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። “አሁን መጣች” ማለት የሚችለው ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ከመጀመሪያዋ ካሴት ያገኘሁት ደስታ ይሄው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የምጠብቀው የዘፈኑን ቦታ መሆኑ ቀረና ሱቁን፣ የላስቲኩን መቀደድ፣ የአዲሱን ሽፋን ሽታ ሆነ። ጉጉቱ ያው ጉጉት ነው፤ ቦታውን ነው የለወጠው። ስገዛ ያልቃል። ስለዚህ እንደገና መግዛት ያስፈልገኛል።

5. “ታዲያ ዘፋኞቹ በምን ይኑሩ?”

ይህን ሐሳቤን ለክፍል ጓደኞቼ ባጫወትኳቸው ጊዜ አንዱ ተቃወመኝ። “መምህር፣ ሁሉም እንዳንተ መግዛት ካቆመ ዘፋኞቻችን በምን ይኑሩ? ደግሞስ ያጠራቀሙ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የድሮው ሙዚቃ ይገኝ ነበር ወይ?” አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ይፈልጋል።

ስለ መጀመሪያው ልናገር። የአገራችን ሙዚቀኞች በቅጂ ሌብነት ብዙ ተጎድተዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከላከል ነው። በ2011 ዓ.ም. አውታር፣ ከዚያም ሰዋስው የተባሉ የስልክ መተግበሪያዎች ዘፈንን በሕጋዊ መንገድ ለማቅረብ ብቅ ያሉትም ለዚሁ ነው። ታዲያ ዘፋኙን የጎዳው ማን ነው? “ሙላው” እያልኩ 6,400 ዘፈን ያስጫንኩት እኔ ነኝ! ለመጫኛ ቤቱ ከከፈልኩት ገንዘብ ለዘፋኙ አንድም ሳንቲም አልደረሰም። ብዛት የሚፈልግ ሰው ርካሽ ይፈልጋል፤ ርካሽ የሚፈልግ ሰው የተሰረቀውን ያገኛል። በዓመት ሦስት አልበም ብቻ፣ ግን ኦሪጅናሉን፣ የሚገዛ ሰው ለሙዚቀኛው ከእኔ ይሻላል።

ሁለተኛውም እውነትነት አለው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ “ኢትዮፒክስ” በሚል ስም የድሮ ሸክላዎቻችንን በተከታታይ ሲዲ አድርጎ ለዓለም ማዳረስ የቻለው ሸክላውንና የመጀመሪያውን ቅጂ ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሆኖም መዝገብ ያለው ክምችት ሌላ፣ ክምር ሌላ ነው። የሚጠብቅ ሰው ምን እንዳለው ያውቃል፤ ከእርጥበት ይከላከላል፤ ለሚፈልግ ያሰማል። የእኔ ካርቶን በካፋ እርጥበት ሲከፈት ሲሶው ሻግቶ ነው የተገኘው።

6. የሞከርኩት መንገድ

ከዚያ የቅኝት ፈተና በኋላ ደካ ስመለስ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ለአንድ ዓመት ሞከርኩ። የራሴ ልምድ ስለሆነ እንደ ሕግ አትውሰዱት።

ሀ. ቆጠራ፦ ደብተር ገዝቼ ያሉኝን ካሴቶች በሙሉ መዘገብኩ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከ214ቱ ውስጥ ሁለተኛው ገጻቸው ጨርሶ ያልተሰማ 61 አገኘሁ። ዘጠኙን ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ ገዝቻቸዋለሁ፤ እንዳሉኝ ረስቼ ማለት ነው። ከማንኛውም ምክር በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ቁጥር ነው።

ለ. አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ እኛ የቡና አገር ሰዎች አቦሉን ቀምሶ የሚሮጥ እንግዳ አንወድም። ስለዚህ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ አንዱ አልበም በረካው ሳይጠጣ ሌላ ጀበና አይጣድም። አቦል ሌላ ሥራ ሳይሠሩ፣ ስልክ ሳይነኩ ዝም ብሎ መስማት ነው። ቶና ግጥሙንና መሣሪያዎቹን መለየት ነው፤ ክራሩ የት ገባ፣ ማሲንቆው ምን መለሰ፣ ከበሮው መቼ ፈጠነ? በረካ ደግሞ ዜማውን ራሴ አንጎራጉሬ ቅኝቱን ደብተሬ ላይ መጻፍ ነው። አንዳንዱን አልበም በረካ ለማድረስ ወር ፈጅቶብኛል።

ሐ. ሁለት ገበያ መቆየት፦ አዲስ ነገር ሲያምረኝ ወዲያው አልገዛም፤ ደብተሬ ላይ ስሙንና ቀኑን እጽፋለሁ። ሁለት የገበያ ቀን አልፎ አሁንም ካማረኝ እገዛለሁ። በዓመቱ ውስጥ 17 ጽፌ የገዛሁት ሁለት ነው። የቀሩትን ስማቸውን ሳነብ “ይሄን ደግሞ ለምን ፈለግሁት?” አልኩ።

መ. ደመወዝና ደጃፍ፦ ደመወዝ የወጣ ዕለት በመጫኛ ቤቱ በኩል አላልፍም። ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከአምስቱ ሁሉ የከበደው ይህ ነው። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ሌላ መንገድ አለ።

ሠ. አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ፦ አዲስ በገዛሁ ቁጥር ካሉኝ አንዱን ለሚሰማው ሰው እሰጣለሁ። ሁለት ሁለት የነበሩኝን ዘጠኙን ግን በአንድ ጊዜ ነው የሰጠሁት፤ ቴፕ ላላቸው ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቼ። አንደኛው እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ የትኛውን ዘፈን እንደ ወደዱ ይነግሩኛል።

ተሸንፌ አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ምሽት ብቻዬን ተቀምጬ 40 አልበም ሳወርድ አድሬያለሁ። ጠዋት ደብተሬን ከፍቼ ልጽፋቸው ስል እጄ ደከመ። ከአርባው አንዱንም አልሰማሁም ነበር፤ አርባውንም አጠፋኋቸው። እንዲህ ያለ ቀን ያጋጠመው ሰው “አለቀልኝ” ብሎ ሙሉ በሙሉ መተው የለበትም። ልማድ በአንድ ቀን አልገባም፤ በአንድ ቀን አይወጣም።

7. ለማስተማር ሥራችን የሚሰጠው ጥቅም

ይህ ነገር የግል ኪስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የትምህርት ክፍላችንን ገጽ አልሻማም ነበር። እኛ ግን ነገ ልጆች ፊት ቆመን ዜማ የምናስተምር ሰዎች ነን። የማናውቀውን ልናስተምር አንችልም፤ ስለያዝነው ብቻ ደግሞ አወቅነው ማለት አይደለም።

በዚህ ዓመት ለ3ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ያስተማርኩት አራት ዘፈን ብቻ ነው፤ ለየቅኝቱ አንድ። ቀድሞ በየሳምንቱ አዲስ ዘፈን እየቀየርኩ ሳስተምር ልጆቹ የሳምንቱን እንጂ ያለፈውን አያስታውሱም ነበር። አሁን የትዝታን ዜማ በከንፈሬ ሳንጎራጉር “መምህር፣ የመጀመሪያዋ ናት!” ይሉኛል። ስሙን ባያውቁትም ጆሯቸው አውቆታል።

ከዚያም አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሚያውቁትን አንድ የካፊኖኖ ዜማ ተምራችሁ ኑ አልኳቸው። የሥራ ጊዜ ዜማ፣ እሹሩሩ፣ የጨዋታ ዜማ፣ 19 የተለያየ ዜማ ይዘው መጡ። ደብተሬን ገልጬ አየሁ። ከ214 ካሴቶቼ ውስጥ ከ19ኙ አንዱም አልነበረም። ጅማ ድረስ የሄድኩለት፣ ጣሪያ ያሳጣኝ ክምር ደጄ ላይ ያለውን አልያዘም። ከዜማዎቹ አንዱን እናቴ ትችለው እንደሆነ ጠየቅኋት። “ድሮ አንተን ያስተኛሁበት ነው” አለችኝ። እኔ ግን አላወቅሁትም ነበር። ሦስት ቀን ደጋግማ አስተማረችኝ፤ አሁን ችዬዋለሁ።

ማጠቃለያ

በዚህ ክረምት ተመሳሳይ የቅኝት ፈተና ተሰጥቶን ከአራቱ ሦስቱን አግኝቻለሁ። አንቺሆዬ እስካሁን ታስቸግረኛለች። ያቺ ተማሪ ግን “ጋሼ፣ በሚቀጥለው ታገኟታላችሁ” ብላኛለች። የማድ ቤታችን ጣሪያ ከተሠራ ቆይቷል፤ ካሴቶቼም ተራግፈው፣ ተጠርገው 120 ያህል ቀርተዋል። ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር ቡና ስንጠጣ አንዱን እንከፍታለን። አንድ ምሽት ሁለተኛው ገጽ ሲጀምር “ይሄ ደግሞ ማን ነው?” አለችኝ። “ከ1997 ጀምሮ ቤታችን ያለ ሰው ነው” አልኳት።

በአጠቃላይ ሙዚቃ አትግዙ ማለቴ አይደለም። ግዙ፤ ኦሪጅናሉን ግዙ፤ በረካውን ሳትጠጡ ግን ሁለተኛ ጀበና አታስጥዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስልካችሁ ላይ ስንት ዘፈን አለ? ከእነዚህ ውስጥ ቅኝታቸውን በእርግጠኝነት የምትናገሩት ስንቱን ነው?
2. የስልካችሁን ዘፈን ሁሉ አንድ ጊዜ ለመስማት በቀን አንድ ሰዓት ብትመድቡ ስንት ቀን ይፈጃል? አስሉ።
3. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚዜም፣ የትም ሱቅ የማይሸጥ አንድ ዜማ ጥቀሱ። ማን ያውቀዋል? መቼ ነው የምትጠይቁት?

ቸር ይግጠመን!